የሌሊት ወፍን ታይሮይድ ከእርግዝና ጋር ሲያያይዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ በእርግዝና መለወጡ በማይክሮስኮፕ ሲጠና፣ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ስላይዱ (ናሙናው የሚታይበት መስታወት) ገና ሳይዘጋጅ፣ እንስሳዋ «እርጉዝ» ተብላ ስትመዘገብ ነው። የሰሜን አሜሪካዋን ትንሿን ቡናማ የሌሊት ወፍ እንውሰድ። ማህፀኗ ውስጥ የወንድ ዘር ታየ፤ እርጉዝ ተባለች። ኧረ አይደለችም! ከወንድ ጋር የምትገናኘው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ እንቁላሏ የሚለቀቀው ግን በፀደይ ስትነቃ ነው። ዘሩ እስከዚያ ድረስ ማህፀኗ ውስጥ ሳይሞት ይቆያል። እርግዝናው ከዚያ ወዲህ ከ50 እስከ 60 ቀን ይወስዳል። ማረጋገጫው በማህፀን ውስጥ ፅንስ ማየት ነው። ፅንሱ አብዛኛውን ጊዜ በቀኙ የማህፀን ቀንድ (ቅርንጫፍ) ስለሚጣበቅ ግራውን ብቻ ቆርጦ «ባዶ ናት» ማለትም ያው ስህተት ነው።

ምዝገባው ቢስተካከልም ሌላ ወጥመድ አለ። በረጅሙ እንቅልፍ ጊዜ የሰውነቷ ሙቀት ወደ ዋሻው ሙቀት ይወርዳል፣ ዕጢውም ያርፋል፦ የፎሊክሉ (የዕጢው ትንሽ ከረጢት) ህዋሳት ጠፍጣፋ፣ ኮሎይዱ (ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዝልግልግ ክምችት) ሙሉ ይሆናል። ስትነቃ ህዋሳቱ ቁመት ይጨምራሉ። የጥሯን ከፀደይዋ አወዳድሮ ልዩነቱን ሁሉ ለእርግዝና መስጠት የመንቃትን ሥራ ለፅንስ ማስመዝገብ ነው። ከዚያው ዋሻ፣ በዚያው ሳምንት የተያዙ ወንዶችና ያላረገዙ ሴቶች ከሌሉ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ዕጢው ከአየር ቧንቧው ተነቅሎ አይውጣ፤ ደቃቅ ስለሆነ ይጨፈለቃል። ከነቧንቧው በመጠኑ 10 እጥፍ በሆነ 10% ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሆነ በ1 ሚሊሜትር ኩብ ተቆርጦ ወዲያው 2.5% ግሉታራልዲሃይድ በተባለ ሌላ ማቆያ ውስጥ ይግባ፤ እዚህ ላይ መዘግየት ማይቶኮንድሪያውን (የህዋሱን ኃይል አመንጪ ክፍሎች) ያሳብጣል፣ ያበጠውም እንደ «ለውጥ» ይጻፋል።

በኮሎይዱና በህዋሱ መካከል ዙሪያውን የሚታየው ነጭ ክፍተት ናሙናው ሲዘጋጅ የመጣ መሸብሸብ ነው። የሥራ ምልክት የሚባሉት በኮሎይዱ ጠርዝ የተደረደሩት ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ናቸው።

የህዋስ ቁመት በጎን በተቆረጠ ፎሊክል ላይ አይለካ፤ ህዋሱ የረዘመ ይመስላል። ኒውክለሶቹ በአንድ ረድፍ የቆሙበት ተመርጦ አራት ቦታ ይለካና አማካዩ ይያዝ። ከዕጢው ጠርዝም ከመሃሉም ይወሰድ።

ሲ-ህዋሳትን (ካልሲቶኒን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጩትን የዕጢው ህዋሳት) በተለመደው ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ቀለም መቁጠር ከንቱ ድካም ነው፤ በካልሲቶኒን ፀረ-አካል ይቀቡ።

ግብጻዊቷ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ በኢትዮጵያም አለች። ረጅሙን የብርድ እንቅልፍ አትተኛም፣ እርግዝናዋም 4 ወር ገደማ ነው። የቡናማዋ የወቅት ሰንጠረዥ ለእርሷ አይሠራም።