18,881,888ን እስከ ሥሩ መተንተን

ስለ አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥር የሚጠየቀው አብዛኛው ነገር፣ ስንት አካፋይ እንዳለውም ሆነ ድምራቸው ስንት እንደሆነ፣ የሚመለሰው ከብቸኛ አካፋዮቹ ነው። ብቸኛ የሚባለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 18,881,888ን እንውሰድ፤ ፒያሳ ላይ መታሰቢያ የቆመለት የዓድዋ ድል ዓመት፣ 1888፣ ሁለቴ ተደግሞ የተጻፈ ነው።

ካልኩሌተር ከመንካታችሁ በፊት የቁጥሩን መልክ እዩ። በግዕዝ አኃዝ ፲፰፻፹፰፼፲፰፻፹፰ ተብሎ ይጻፋል። ፼ አሥር ሺህ ስለሆነ ቁጥሩ 1888 × 10,001 መሆኑ ወለል ብሎ ይታያል። በየሦስት አኃዙ የሚገባው ኮማ ይህን ይሸፍነዋል።

1888ን በ2 አምስት ጊዜ ስታካፍሉ 59 ላይ ትደርሳላችሁ፤ እሱ ብቸኛ ነው። የሚያሳስተው 10,001 ነው። በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11፣ በ13 ሞክሮ እምቢ ሲለው «ብቸኛ ነው» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። አካፋዮች በጥንድ ስለሚመጡና ከጥንዱ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ ስለማይበልጥ፣ ፍለጋው እዚያ ድረስ ነው። የ10,001 ስኩዌር ሩት ከ100 በጥቂቱ ስለሚበልጥ ግን እስከ 97 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሳይጨርሱ መፍረድ አይቻልም። 73 ላይ ይገኛል፦ 73 × 137። የ137 ስኩዌር ሩት 12 ስለማይሞላ እስከ 11 መሞከር ይበቃል፤ ብቸኛ ነው። ስለዚህ፦

18,881,888 = 2⁵ × 59 × 73 × 137

መልኩ ምንም ካልጠቆመ ከ2 ጀምሮ በተራ መሞከር ነው። አካፋይ ባገኛችሁ ቁጥር ስኩዌር ሩቱን ከተረፈው ላይ እንደገና አስሉ። የዋናው ቁጥር ገደብ 4345 ነበር፤ 2ቶቹ ወጥተው 590,059 ሲቀር ገደቡ 768 ይሆናል፤ 59 ሲወጣ 100። ይህን የዘለለ ሰው በከንቱ ይደክማል። ያገኛችሁትን አካፋይ ደግማችሁ ሳትሞክሩም ወደ ቀጣዩ አትለፉ፤ ሊደጋገም ይችላል።

የቀረው ቀላል ነው። የአካፋዮቹ ብዛት፦ እያንዳንዱን ርቢ (ከላይ የተጻፈችውን ትንሽ አኃዝ፤ ካልተጻፈች 1 ናት) በ1 ጨምራችሁ አባዙ፣ 6 × 2 × 2 × 2 = 48። ድምራቸው፦ 63 × 60 × 74 × 138 = 38,601,360። 63 የመጣው ከ1+2+4+8+16+32 ነው፣ ሌሎቹ ከ1+59፣ ከ1+73 እና ከ1+137፤ 1+32 ብቻ ደምሮ 33 የሚያስገባ ብዙ ነው። ከድምሩ ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስ 19,719,472 ይተርፋል፤ ከቁጥሩ ይበልጣል። የሙሉ ቁጥር ስኩዌር አለመሆኑን ለማወቅ ግን ስሌትም አያስፈልግም፤ በ8 የሚያልቅ ስኩዌር የለም።

ቁጥሩ ከ15 አኃዝ ካለፈ ኤክሴል ላይ አትሥሩ፤ ትርፎቹን አኃዞች ወደ ዜሮ ይቀይራቸዋል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሙሉ ቁጥሩን አይቆርጥም፤ ሆኖም ለመካፈሉ ማረጋገጫ ቀሪውን የሚሰጠውን የመቶኛ ምልክት (%) ተጠቀሙ። ነጠላው የማካፈያ ምልክት (/) መልሱን ስለሚያጠጋጋ፣ በጣም ትልቅ ቁጥር ላይ የማይካፈለውን እንደሚካፈል አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል።