የድሮ ቤት ስታድሱ መጀመሪያ መጋጠሚያውን እዩ

በየዘመኑ ክፍል እየተቀጠለበት የሰፋ የድሮ ቤት ልታድሱ ነው? እባካችሁ ለማፍረስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አሮጌው ግድግዳና በኋላ የተቀጠለው ክፍል የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። መሠረታቸው ስለሚለያይ አንዱ ከሌላው በላይ ሊሰምጥ ይችላል፣ ስንጥቅ ካለም ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያው ነው። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን አጠገቡ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱት፣ ከዚያ ዝናቡም ደረቁም ወቅት እስኪያልፍ ታገሱ። ምልክቱን አልፎ ከሄደ መሐንዲስ ጥሩ።

ደግሞ በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራን ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑ! እርጥበቱ መውጫ ያጣና ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል፣ ላዩ አምሮ ውስጡ ሲፈረፈር ማየት በጣም ያሳዝናል። ቀድሞ በሲሚንቶ ተለስኖ ከሆነ በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው።