«ስብሰባ»ን የበላው ማጣሪያ

እዚህ ደብረ ብርሃን የምሠራበት ቢሮ የስፓም (የማይፈለግ ኢሜይል) ማጣሪያውን የሚያስተዳድርበት ድረ ገጽ አለው። ሰሞኑን ርዕሱ «ስብሰባ» የሆነ ኢሜይል ሁሉ ስፓም ውስጥ ይገባ ጀመር። አለቃችን አኮረፉ።

ሁለት ቀን በብርዱ ተቆራምጄ ኮዱን ፈተሽኩ። ለካ ጥፋቱ የታገዱት ቃላት የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ላይ ነው። ሰንጠረዡ ላቲን1 (ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራ የፊደል ኮድ) ስለሆነ የኛን ፊደል አያውቅም፤ እያንዳንዱን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ሽልማት» ብዬ ያገድኩት ቃል «????» ሆኖ ተቀምጧል። በማጣሪያው ሕግ ደግሞ አንድ «?» ማለት ማንኛውም ፊደል ነው። በቃ፣ ባለ አራት ፊደል ርዕስ ሁሉ ታገደ! «ሰላምታ» እንኳ አልቀረለትም።

መጀመሪያ ባክአፕ ያዝኩ። ከዚያ ሰንጠረዡንም፣ የድረ ገጹንና የዳታቤዙን ግንኙነትም ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የኛንም ፊደል ወደሚያውቅ የፊደል ኮድ) ቀየርኩ። አንዱን ብቻ ብትቀይሩ ፊደሉ እንደገና ሊበላሽ ይችላል። የጠፉት ቃላት ግን አይመለሱም፤ አንድ በአንድ እንደገና ጻፍኳቸው።