ዘፈኑ ወደ ማጫወቻው አልገባም ሲል ምን ይደረጋል?

ፋይሉ አለ። በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ማጫወቻው ግን ወይ «ይህን ፋይል ማጫወት አልተቻለም» ይላል፣ ወይ ጭራሽ እንዳላየ ያልፈዋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ያ ካልሰራ ሌላ አፕ ያወርዳል፣ ያም ካልሆነ ስልኩን ሪሴት እስከማድረግ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማጫወቻው ጥፋት የለበትም። ችግሩ ያለው ፋይሉ ላይ ወይም ፋይሉ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራውን ከፋይሉ ጀምሩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ፦ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ፋይሉን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። አዲስ ዘፈን ቢበላሽ ተመልሶ ይወርዳል። ከካሴት የተቀዳ የድሮ መዝሙር፣ የሠርግ ቀረጻ፣ በአያታችሁ ድምፅ የተቀመጠ ተረት ግን አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ ሊኖር ይችላል። እሱ ከጠፋ ጠፋ ነው። ከዚህ በታች የምላችሁን ሁሉ በኮፒው ላይ ሞክሩት።

መጀመሪያ መጠኑን እዩ

ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» በሉ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በ320 ከሆነ ወደ 2.4 ይደርሳል። ያልታመቀ ዋቭ ደግሞ በሲዲ ጥራት በደቂቃ 10 ሜጋባይት አካባቢ ነው። እንግዲህ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 200 ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፣ ዳውንሎዱ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። 0 ባይት ከሆነማ ውስጡ ምንም የለም። ይህን ማንም ፕሮግራም አይጠግነውም፣ እንደገና ማውረድ ነው።

የሲዲ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ሰው የድሮ ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይከትና «ትራክ 1፣ ትራክ 2» የሚሉትን ፋይሎች ጎትቶ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ሲዲውን ሲያወጣው ዘፈኖቹ አይከፈቱም። እነዚህ መጨረሻቸው ሲዲኤ የሆኑ ፋይሎች እያንዳንዳቸው 44 ባይት ብቻ ናቸው። ዘፈኑን አልያዙም፣ ሲዲው ላይ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚጠቁሙት። ዘፈኑን በትክክል ለማውጣት የማጫወቻውን «ሪፕ» ወይም «ኢምፖርት ሲዲ» የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ያስፈልጋል። ሲዲውን ከመጣላችሁ ወይም ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ቅጂው መኖሩን በጆሯችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ውስጡን እዩ፣ ስሙን አትመኑ

ዊንዶውስ በተለምዶ የፋይሉን ቅጥያ (በስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣውን፣ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን) ይደብቃል። ፎልደሩን ከፍታችሁ «ቪው» ውስጥ ግቡና የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አድርጉ። (ዊንዶውስ 11 ላይ «ቪው» ከዚያ «ሾው» ውስጥ ታገኙታላችሁ።) አሁን ፋይሉ ኤምፒ3 ይሁን ኤም4ኤ፣ ፍላክ ይሁን ኦፐስ ስሙ ይነግራችኋል።

ግን ስሙ ሊዋሽ ይችላል። ብዙ የዳውንሎድ ገጾችና አፖች ሌላ ዓይነት ፋይል ያወርዱና ኤምፒ3 የሚል ስም ይሰጡታል። አንዳንድ ማጫወቻ ይህን ችሎ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስሙና ውስጡ ካልተስማማ አልቀበልም ይላል። እውነቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ኮፒውን በኖትፓድ ክፈቱት። አብዛኛው ነገር የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት መጀመሪያ ላይ ያሉትን ጥቂት ፊደሎች ብቻ ነው። «አይ፣ ዲ፣ 3» ካለ ኤምፒ3 ነው ማለት ይቻላል (ሁሉም ኤምፒ3 ግን ይህ ምልክት የለውም)። «ኤፍ፣ ኤል፣ ኤ፣ ሲ» ፍላክ ነው። «ኦ፣ ጂ፣ ጂ፣ ኤስ» ኦግ ወይም ኦፐስ ነው፣ የዋትስአፕ የድምፅ መልእክት እዚህ ውስጥ ይገባል። «አር፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኤፍ» ከሆነ ዋቭ ነው። ከጥቂት ምልክቶች ቀጥሎ «ኤፍ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ» ካያችሁ የኤም4ኤ ቤተሰብ ነው። «ኤችቲኤምኤል» የሚል ቃልና የሚነበብ ጽሑፍ ካገኛችሁ ደግሞ ያወረዳችሁት ዘፈን ሳይሆን ድረ ገጽ ነው፣ ሊንኩ ተሳስቷል። ስትጨርሱ «ሴቭ» ሳትሉ ዝጉት። ኖትፓድ ላይ ሴቭ ከተደረገ ፋይሉ ይበላሻል።

ስሙ ከውስጡ ጋር ካልተስማማ ስሙን ማስተካከል ተገቢ ነው። ግን ፍላኩን በስም ብቻ ኤምፒ3 ማድረግ በርበሬ ያለበት ዕቃ ላይ «ሽሮ» ብሎ እንደመጻፍ ነው። ውስጡ አይለወጥም።

ማጫወቻችሁ ይህን ዓይነት ያውቃል?

ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ አውርዱ፣ ነፃ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ማለት ይቻላል ያጫውታል። ፋይሉ ቪኤልሲ ላይ ከዘፈነ ጤነኛ ነው፣ የእናንተ ማጫወቻ ነው ዓይነቱን የማያውቀው። ቪኤልሲም ካቃተው ፋይሉ ሳይበላሽ ወይም (ከታች እንደምናየው) ሳይቆለፍ አይቀርም።

ሰውን በጣም የሚያደክመው የአፕል ማጫወቻ አይቲዩንስ ነው። አይቲዩንስና የማክ «ሚውዚክ» አፕ ኤምፒ3፣ ኤኤሲ (ብዙ ጊዜ ኤም4ኤ ፋይል ውስጥ ያለው)፣ ዋቭ፣ ኤአይኤፍኤፍና አፕል ሎስለስ ይቀበላሉ። ፍላክና ኦግ አይቀበሉም። የሚከፋው ደግሞ አለመናገሩ ነው፣ ፍላኩን ጎትታችሁ ስትጥሉበት የስህተት መልእክት እንኳን ሳያወጣ ዝም ይላል፣ እናንተም የሆነ ነገር ያበላሻችሁ ይመስላችኋል። ደብሊውኤምኤ ከሆነ በዊንዶውስ ላይ ያለው አይቲዩንስ፣ ፋይሉ ካልተቆለፈ፣ ራሱ ወደ ኤኤሲ ይቀይረዋል። በድሮ ስልኮች የተቀዱ ኤኤምአር ፋይሎችም ብዙ ዘመናዊ ማጫወቻ ላይ አይገቡም። የቤተሰብ ድምፅ ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ «አይሰራም» ብላችሁ እንዳታጠፉት።

መቀየሩ ከባድ አይደለም። ቪኤልሲ ላይ «ሚዲያ» ውስጥ ግቡ፣ «ኮንቨርት/ሴቭ» በሉ፣ በ«አድ» ፋይሉን ምረጡ፣ እንደገና «ኮንቨርት/ሴቭ» ተጫኑ፣ ከፕሮፋይሎቹ ኤምፒ3 የሚለውን ምረጡ፣ የት እንደሚቀመጥና ስሙን ንገሩት፣ ከዚያ «ስታርት»። አዲሱን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጡት፣ ዋናው ላይ እንዳይጻፍበት።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። ከኤም4ኤ ወይም ከኦፐስ ወደ ኤምፒ3 በቀየራችሁ ቁጥር ትንሽ ጥራት ይጠፋል፣ 320 ብትመርጡም የጠፋው አይመለስም። ፍላክ ካላችሁና የምትፈልጉት አይፎን ላይ ከሆነ ወደ አፕል ሎስለስ ቀይሩት፣ ምንም ጥራት አይጎድልም። ማክ ላይ ኤክስኤልዲ የሚባል ፕሮግራም ይሰራዋል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፉባር2000 የሚባለው ከኢንኮደር (የመቀየሪያ) ጥቅሉ ጋር። ዋናውን ፋይል ግን ሁልጊዜ አቆዩት።

የተቆለፉ ፋይሎችም አሉ። ከአይቲዩንስ ስቶር ከ2009 በፊት የተገዙ ዘፈኖች መካከል ብዙዎቹ ኤም4ፒ ናቸው፣ የተገዙበት አካውንት ካልገባ አይከፈቱም። በወር ክፍያ የሚሰሩ አፖች ላይ «ኦፍላይን» ያወረዳችሁት ዘፈንም ከዚያ አፕ አይወጣም። እሱን ኢምፖርት ለማድረግ መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ስልክ ላይ ከሆነ

አንድሮይድ ላይ ዋነኛው ጉዳይ ቴሌግራም ነው። ዘፈኑ ቻቱ ውስጥ ይጫወታል፣ ማጫወቻው ውስጥ ግን የለም። ምክንያቱም ቴሌግራም ያወረደውን በራሱ የግል ፎልደር ያስቀምጣል፣ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ደግሞ ሌሎች አፖች እዚያ ገብተው ማየት አይችሉም። መፍትሔው አጭር ነው፦ ዘፈኑ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ሴቭ ቱ ሚውዚክ» በሉት።

ካልሆነ ሦስት ነገር አጣሩ። ማጫወቻው ፈቃድ አለው ወይ? ከአንድሮይድ 13 ወዲህ «ሙዚክ ኤንድ ኦዲዮ» የሚል የራሱ ፈቃድ አለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ክፈቱለት። ፎልደሩ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ኖሚዲያ» የሚባል የተደበቀ ፋይል አለ ወይ? ካለ በዚያ ፎልደር ያለ ሁሉ ለማጫወቻ አይታይም፣ ዘፈኖቹን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውሯቸው። ቀረጻው አጭር ነው ወይ? አንዳንድ ማጫወቻ ከ30 ወይም ከ60 ሰከንድ በታች ያለውን እንደ ኖቲፊኬሽን ድምፅ ቆጥሮ ይዘለዋል፣ ይህን ሴቲንጉ ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

አይፎን ላይ «ፋይልስ» ውስጥ ያወረዳችሁትን ኤምፒ3 በቀጥታ ወደ «ሚውዚክ» ማስገባት አይቻልም። ወይ በኮምፒውተር ማስገባት፣ ወይ ቪኤልሲን ስልኩ ላይ ጭኖ በእሱ ማዳመጥ ነው። ሁለተኛው ይቀላል። በሰው ኮምፒውተር ሲንክ ስታደርጉ (ስልኩን ከኮምፒውተሩ ዘፈኖች ጋር ስታመሳስሉ) ደግሞ «ያለው ይጠፋና በዚህ ይተካ» የሚል መልእክት ከመጣ አቁሙ፣ ስልኩ ላይ ያሉት ዘፈኖች ሊጠፉ ነው።

መኪና ውስጥ

ፍላሹ አልነበብ ካለ ፎርማቱን፣ ማለትም ፋይሎችን የሚያስቀምጥበትን ዘዴ፣ እዩ። ብዙ የመኪና ቴፕ የሚያነበው ፋት32 ብቻ ነው፣ 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ፍላሾች ግን አብዛኛውን ጊዜ በኤክስፋት ነው የሚመጡት። 32 ጊጋባይት ወይም ያነሰ ፍላሽ ተጠቀሙ፣ ውስጡ ያለውን ኮፒ አውጡና በፋት32 ፎርማት አድርጉት። ከማክ የተገለበጠ ፍላሽ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ከታየና አንዱ ካልተጫወተ፣ በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምሩት ትንንሾቹ ማክ የጨመራቸው ናቸው፣ አጥፏቸው።

ገብቷል፣ ግን አይገኝም

አንዳንዴ ዘፈኑ ገብቶ ሳለ ነው የምንፈልገው። ማጫወቻ ዘፈኖችን የሚደረድረው በፋይሉ ስም ሳይሆን ውስጡ በተጻፈው የዘፋኝና የአልበም ስም ነው፣ ታግ ይባላል። ታጉ ባዶ ከሆነ «አንኖውን አርቲስት» ሥር ይገባል፣ እዚያ ፈልጉት። የአማርኛው ስም የጥያቄ ምልክት ወይም የማይነበብ የላቲን ፊደል ሆኖ ከታየ፣ ታጉ አማርኛ በማይችል አሮጌ ዘዴ ወይም ከዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ከሚይዘው የዛሬው ዘዴ) በፊት በነበረ ፎንት ተጽፏል። ኤምፒ3ታግ የሚባለውን፣ ዊንዶውስ ላይ ነፃ የሆነውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ስሙን በአማርኛ እንደገና ጻፉና ሴቭ አድርጉት። የአንድን ዘፋኝ ስም ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ጻፉ፣ አንዱ ላይ በ«ሀ» ሌላው ላይ በ«ኃ» ከጻፋችሁ ማጫወቻው ሁለት ሰው ያደርገዋል።

ከዚያ አሮጌውን ከማጫወቻው ዝርዝር ሰርዛችሁ ፎልደሩን እንደገና አስገቡ። ስትሰርዙ «ፋይሉም ይጥፋ?» ብሎ ከጠየቃችሁ «ይቆይ» የሚለውን ምረጡ።