ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛን ታጣፊ ምላጭ ከዝገት ስለ ማጽዳት

የመጀመሪያውን አሮጌ ምላጬን ያበላሸሁት በሎሚ ነው። የዛገ ቢላዋ በሎሚና በአመድ ሲፈተግ እያየሁ ስላደግሁ፣ ፍራንክፈርት ውስጥ በማይን ወንዝ ዳር ቅዳሜ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁትን፣ አንገቱ ላይ (በስለቱና በመያዣው መካከል ባለው ክፍል) በምላጭ ሥራ የታወቀችው የጀርመን ከተማ ስም «ዞሊንገን» የተቀረጸበትን ታጣፊ ምላጭ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነክሬ አሳደርሁት። ጠዋት ሳወጣው ዝገቱስ ለቆ ነበር፤ ነገር ግን ብረቱ በሙሉ አመድማ ሆኖ፣ የስለቱም ጫፍ ብል እንደ በላው ጨርቅ ተበሳስቶ አገኘሁት። ቢላዋ ወፍራም ስለሆነ አሲድ ቢበላው አይታወቅበትም፤ የምላጭ ስለት ግን ጫፉ ላይ ከወረቀት የሳሳ በመሆኑ አሲዱ ቀድሞ የሚጨርሰው ዋናውን ክፍል ነው። ኮምጣጤና በረኪናም በዚህ ረገድ ከሎሚ አይሻሉም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በማየት ነው። እነዚህ ምላጮች በአብዛኛው ከካርቦን ብረት የተሠሩ ስለሆኑ ላያቸው ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ይታያል። ቡናማው፣ በጣት ሲነካ እንደ በርበሬ ዱቄት የሚለቀው የላይ ዝገት ቀላሉ ነው። ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ከብረቱ ጋር የተዋሐደው መልክ የዕድሜ ምልክት ነው፤ ብረቱንም ስለማይበላ ቢተው ይሻላል። ሦስተኛውና አስቸጋሪው፣ ዝገቱ ብረቱን በልቶ የተወው ጉድጓድ ሲሆን ጥፍር ሲያልፍበት ይታወቃል። ጉድጓድ በመፈተግ አይጠፋም፤ እንዳይታይ ማድረግ የሚቻለው በዙሪያው ያለው ብረት እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ሲነሣ ብቻ ነው። ጉድጓዱ በጀርባው፣ በአንገቱ ወይም በገጹ መካከል ከሆነ ለመላጨት የሚያመጣው ችግር የለም። ስለቱ ጫፍ ላይ ካረፈ ግን ምላጩ በተሳለ ቁጥር እንደ ትንሽ ሸራፋ ሆኖ ይወጣል፤ ቆዳንም ይቧጭራል። ወደ ገበያ ስሄድ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ኪሴ ውስጥ የምይዘው ለዚህ ሲሆን፣ ጫፉ የተበላ ምላጭ ከሆነ ሻጩ የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ አልገዛውም።

ከብረቱ ቀጥሎ መያዣው ይታያል። በብዙ አሮጌ ምላጮች ላይ ያሉት ሁለቱ የመያዣ ቅጠሎች የተሠሩት ሴሉሎይድ ከተባለው ጥንታዊ ፕላስቲክ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ መበስበስ ይጀምርና አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ምላጩ ታጥፎ በሚቀመጥበት ጊዜም ያ ጋዝ በቅጠሎቹ መካከል ታፍኖ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገቱ ምላጩ ሲታጠፍ መያዣው በሚሸፍነው ክፍል ላይ ብቻ ተሰብስቦ ከታየ፣ መያዣውም ከተሰነጣጠቀ ወይም በሪቬቱ (ምላጩንና መያዣውን በሚያያይዘው ችንካር) ዙሪያ አረንጓዴ ካበቀለ፣ ምክንያቱ ይኸው መሆኑን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለው መያዣ ካልተለወጠ ማጽዳቱ ከንቱ ድካም ነው። ከሌሎች ምላጮች ጋር በአንድ ሣጥን ማስቀመጥም ሆነ እሳት አጠገብ ማድረግ አይገባም፤ ሴሉሎይድ እንደ ጭድ ይቀጣጠላል።

ወደ ማጽዳቱ ሲገባ በቅድሚያ ስለቱን ከዳር እስከ ዳር በናስትሮ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ምላጭ ቢደንዝም ጣት ከመቁረጥ አይመለስም። ከዚያ የዛገው ቦታ በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ወይም ደብሊው ዲ-40 በተባለው የሚረጭ የዝገት ማስለቀቂያ ይረጥብና አንድ ሌሊት ያድራል። በማግስቱ የለሰለሰው ዝገት በስንጥር እንጨት ተገፍቶ በጨርቅ ሲጠረግ፣ ብዙ ጊዜ ግማሹ ሥራ እዚሁ ላይ ያልቃል። የቀረውን ለማስለቀቅ በውሃ የሚሠራበት ጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት ጥሩ ነው፤ ከባድ ዝገት ከሆነ ከቁጥር 600፣ ቀላል ከሆነ ደግሞ ከ1000 ተጀምሮ ወደ 1500 እና ወደ 2000 ይታለፋል። የምላጩ ገጽ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ስለሆነ ወረቀቱን በጣት ብቻ መያዝ ወጥ ያልሆነ ፍትጊያ ያመጣል፤ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ላይ ጠቅልሎ መሥራት ይሻላል። ምላጩ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ተጋድሞ በግራ እጅ ከተያዘ በኋላ ወረቀቱ ዘይት እየጠጣ በአንድ አቅጣጫ፣ ከጀርባው ወደ ስለቱ ይሳባል እንጂ ከስለቱ ወደ ጀርባው አይገፋም። የቀደመው ቁጥር የተወው ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ ማለፍ በኋላ ብርሃን ላይ ያጋልጣል። በገጹ ላይ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ካለ ወረቀትም ሆነ ብራሶ የተባለው የብረት መወልወያ አይንካው፤ በአንድ ጠረጋ ይሄዳል።

ጀርባውን ግን በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተግ መቆጠብ ይገባል። ምላጭ በሚሳልበት ጊዜ ጀርባውና ስለቱ አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ስለሚያርፉ፣ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። አንዱ ጎን ከሌላው በልጦ ከሳሳ ማዕዘኑ ይዛባል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከሉ የባለሙያ ሥራ ይሆናል።

በሞተር በሚዞር መወልወያ ሥራውን ማፋጠን የሚፈልጉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ቀጭኑ ብረት በጥቂት ሰኮንዶች ይግላል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ጥንካሬው ስለሚጠፋ ቢሳል እንኳ ስለት አይዝም። ብረቱ በጣት ሊያዝ እስከማይቻል ከሞቀ ሥራው በጣም ፈጥኗል ማለት ነው።

በሪቬቱ ዙሪያ የተደበቀው ዝገት ትዕግሥት ይጠይቃል። መያዣውን ነቅሎ መልሶ መግጠም ለማያውቅ ሰው ቅጠሎቹን የመስበር አደጋ ስላለው፣ ዘይት የነካው ወፍራም የጥጥ ክር በአንገቱና በቅጠሎቹ መካከል አስገብቶ ወዲያና ወዲህ መሳብ ይሻላል። ክሩ መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየቀያየሩ መቀጠል ነው።

መቼ ይቁም? ሲዳሰስ የሚለቅ ቡናማ ዱቄት ሲጠፋ። ሁለተኛው ምላጬ ገጽ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ጉድጓድ አለች፤ እሷን ለማጥፋት ብዬ ገጹን ባሳሳ ኖሮ ዛሬ የምላጭበት አይኖርም ነበር።

ከጽዳቱ በኋላ ምላጩ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ብረቱም በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል። ይህ ግን ሙሉ የሕክምና ማምከን አይደለም፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ስለሚችል፣ ታጣፊ ምላጭ ከጸዳ በኋላም ቢሆን የአንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት። ቀጥሎ ናስትሮው ተነሥቶ፣ ቁጥራቸው 1000፣ 4000 እና 8000 በሆኑ የመሳያ ድንጋዮች በተራ ይሳልና በመጨረሻ በንጹሕ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሳባል። ቆዳው ላይ የሚሳበው ጀርባው ቀድሞ ስለቱ ተከትሎ ነው፤ የተገላቢጦሹ ቆዳውንም ስለቱንም ይቆርጣል።

ከእያንዳንዱ መላጨት በኋላ ምላጩን ታጥቦ፣ አንገቱ ድረስ በጨርቅ ደርቆና ለጥቂት ሰዓታት ተከፍቶ ከቆየ በኋላ ብቻ ማጠፍ ያስፈልጋል። ለሳምንታት የማይነካ ከሆነ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ መኝታ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካደረ የሻወሩ እንፋሎት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡናማውን ዱቄት ይመልሰዋል።