የሴት ሯጮችን ልብ በራሳቸው ልክ ለመከታተል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አሠልጣኞች

ለዓመታት ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ልቡ ይሰፋል፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚጨምርም በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 በታች ቢመታ የሚያስደንቅ አይደለም። ለውጡ በሁለቱም ፆታዎች ይታያል፤ መጠኑና መልኩ ግን ይለያያል። ሴቶችን በወንዶች መለኪያ የሚመዝን አሠልጣኝ ጤነኛዋን በከንቱ ሊያስደነግጥ፣ የታመመችውንም ሊያሳልፍ ይችላል።

በመጀመሪያ ሯጯ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ ምቷን መቁጠር ትልመድ። አመልካችና የመሃል ጣቷን በእጇ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር አሳርፋ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቁጠርና በደብተር ትጻፈው። የሴት ልብ በአማካይ ከወንድ ልብ ስለሚያንስ፣ በእኩል ፍጥነት ሲሮጡ የእሷ ምት ከፍ ቢል ልምምድ አነሳት ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ መነጻጸር ያለበት ከራሷ ካለፉት ሳምንታት ጋር ነው። በድሬዳዋ ሙቀት የተለካን ምት ደንገጎን ወጥቶ በሐረር ከፍታ ከተለካው ጋር ማወዳደርም ያሳስታል።

የጠዋት ምቷ ለቀናት ከፍ ብሎ ከቆየና ድካም ከተሰማት፣ የወር አበባዋ ይበዛ እንደሆነ በአክብሮት ትጠየቅ፤ ቢቻል ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ይሻላል። በደም መፍሰስ የሚመጣ የብረት እጥረት ልብን ያለ ልክ ያሠራል፤ በላቦራቶሪ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን) እና ፌሪቲን (በሰውነት ያለውን የብረት ክምችት አመልካች) ማስለካት ነገሩን ይለያል። ድሬዳዋ ወባና ደንጊ ያሉባት ከተማ ስለሆነች፣ ትኩሳት ያለበት ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጨርሶ መሮጥ የለበትም።

የልብ አልትራሳውንድ ከተነሳች የግራውን የታችኛ ክፍል ግድግዳ ውፍረት ይመልከቱ። በ1996 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በ600 ምርጥ ሴት ስፖርተኞች ላይ የወጣ ጥናት ከ12 ሚሊሜትር ያለፈ ግድግዳ አላገኘም፤ ስለዚህ በሴት ላይ 13 ሚሊሜትር ከታየ «ስፖርት ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። የልቧ ስፋትም ከሰውነቷ መጠን ጋር ተገናዝቦ እንዲጻፍ ሐኪሙን ይጠይቁ።

እየሮጠ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ ያለው ሯጭ ወዲያውኑ ልምምድ አቁሞ ወደ ልብ ሐኪም ይሂድ። ድንገተኛ የልብ ሞት በሴት ስፖርተኞች ላይ ከወንዶቹ ያነሰ መሆኑ ሴቷን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም፤ ሲልኳት የምት ደብተሯንና በሳምንት የምትለማመድበትን ሰዓት አብረው ይላኩ።