በፀደይ ሕዝብ ለምትሰበስቡ፦ መደገም የሌለባቸው ስህተቶች

በባሕረ ሐሳቡ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በትንሽ ከተማ ስብሰባ ሁሉ የሚጠራው በእነዚህ ሦስት ወራት ነው፦ የውኃ ኮሚቴው ጉባኤ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የዕቅድ ውይይት፣ የእድሩ ሒሳብ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተወላጆች የልማት ምክክር። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ ማለቅ አለበት። በጉራጌ ከተሞች እንዲህ ያለ ስብሰባ በማዘጋጀት ብዙ ቆይቻለሁ፤ ዘንድሮም አዲስ የተመረጡ ኮሚቴዎች ያንኑ ስህተት ይዘው ሲመጡ አየሁ። ቀና ልብ ያላቸው፣ ለከተማቸው የሚደክሙ ልጆች ናቸው፤ ድካማቸው ውኃ እንዳይበላው ነው የምጽፈው።

ያለፈውን ዓመት ቀን መድገም። «አምና ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ጠርተን ሰው ሞልቶ ነበር» ይላሉ። ፋሲካ ግን ቁሞ አይጠብቅም። ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ በ2018 ሚያዝያ 4 ነው፣ በ2019 ደግሞ ሚያዝያ 24። ዐቢይ ጾም ላይ የቆየው ሠርግ ሁሉ ከዳግማ ትንሣኤ ጀምሮ እሑድ እሑድ ይደረደራል። የጎረቤቱን ልጅ ሠርግ ትቶ ስለ ቧንቧ ሊወያይ የሚመጣ ሰው የለም፤ መምጣትም የለበትም። አንድ የውኃ ኮሚቴ የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ተከራይቶ፣ ሞንታርቦ አስመጥቶ ሲጠብቅ ዋለ። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። የታሪፉ ውሳኔ ለሌላ ቀን ተዛወረ፣ ያም ቀን ዝናብ ያዘው፣ የተበላሸው ፓምፕ ክረምቱን ሙሉ እንደቆመ ከረመ።

የአረፋም ነገር እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ አሁን ግንቦት ውስጥ እየዋለ ነው። ከአዲስ አበባ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ባለሱቁ ሁሉ ቤተሰቡ ጋ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ተወላጁን የምትፈልጉት ከሆነ ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ጥሩት፤ በበዓሉ ዋዜማ አትንኩት፣ ሳምንት ካለፈም አታገኙትም። ዓርብን በጁምዓ ሰዓት፣ የገበያን ቀን ደግሞ ጭራሽ ተዉት።

ለውይይት ጠርቶ መዋጮ መጠየቅ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የጥሪ ወረቀቱ ላይ «በከተማችን ልማት ዙሪያ ለመወያየት» ይላል። ሰው ሥራውን ዘግቶ ይመጣል። ሰብሳቢው ረጅም ሪፖርት ያነባል፣ ሁለት ሰው አስተያየት ይሰጣል፣ ከዚያ ተሰብሳቢው ሊነሣ ሲል አጀንዳ ላይ ያልነበረው ነገር ይወጣል፦ «እያንዳንዱ አባወራ ይህን ያህል እንዲያዋጣ ሐሳብ ቀርቧል፤ የምትደግፉ እጅ አውጡ።» ጎረቤት እያየው፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ እጁን የማያወጣ ማን ነው? እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይጻፋል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ግን በሩ አይከፈትለትም። በሚቀጥለው ጊዜ ጥሪ ሲወጣ ሰው ገና ወረቀቱን አይቶ «ደግሞ ስንት ሊሉን ነው?» ይላል፤ እውነተኛ ውይይት ስትጠሩም ባዶ ወንበር ይጠብቃችኋል።

ይህ ሕዝብ መስጠትን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ጉራጌ በ1950ዎቹ ከየአቅሙ አዋጥቶ መንገድ መሥራት ጀምሯል። የጆካ የሚባለው ነባር የሽማግሌዎች ሸንጎ ባለበት አገር ነገርን ሰምቶ፣ አገላብጦ፣ ተስማምቶ መወሰን እንግዳ አይደለም። የሚያስቀይመው ሳይነገረው መያዙ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ጥያቄ ካላችሁ አጀንዳው ላይ በግልጽ ጻፉት፦ ለምን እንደሆነ፣ ጠቅላላው ስንት እንደሚፈጅ፣ ከሌላ ወገን የተገኘው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚይዘው። አምና የተዋጣው የት እንደደረሰ ሳይነገር ዘንድሮ ሌላ አትጠይቁ። ውሳኔውንም ለሁለተኛ ስብሰባ አቆዩት፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ከባለቤቱ ጋር ይመካከርበት።

ጥሪውን ቴሌግራም ላይ ብቻ መለጠፍ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ የሚያደርሰውን ያህል ስልክ አያደርስም። ከቅዳሴና ከሶላት በኋላ እንዲነገርላችሁ አባቶችንና ኢማሞችን ቀድማችሁ ለምኑ፤ በአክብሮት ከተጠየቁ እምቢ አይሉም።

ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ጠርቶ 4 ሰዓት መጀመር። በሰዓቱ የመጣውን ሰው ቀጣችሁት ማለት ነው። ዐሥር ሰው ቢኖርም ጀምሩ።

ሴቶችን ከኋላ አስቀምጦ «እናቶችስ?» ማለት። ስለ ውኃ እየተወያያችሁ ጀሪካን የምትሸከመዋ ሴት ወንዶች ተናግረው ከደከሙ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይሰጣታል፤ ያኔም «የተባለው ጥሩ ነው» ብላ ትቀመጣለች። ይህ ዓይን አፋርነት አይደለም፣ ነገሩ ማለቁን ስላየች ነው። የመጀመሪያውን ዙር ለሴቶች ስጡ። ቡናውንም ወጣቶቹ ያቅርቡት። እንዲህ የተደረገበት ስብሰባ ላይ የቦኖው መክፈቻ ሰዓት ከትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት ጋር እንደሚጋጭ ያነሣችው አንዲት እናት ነበረች፤ ከኮሚቴው አንድም ሰው አስቦበት አያውቅም ነበር።

የበጀት ጥያቄን ሰኔ ላይ ማንሣት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ግን ከዚያ በፊት ተዘግቷል። የመንገድ መብራትም ሆነ የፍሳሽ ቦይ ጥያቄ ካላችሁ ሚያዝያ ላይ፣ ቢዘገይ ግንቦት መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ አስገቡና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያዙ።

ሰኔ ላይ ሞንታርቦ ትምህርት ቤት አጠገብ መትከል። ልጆቹ ለፈተና እያጠኑ ነው።

ቃለ ጉባኤውን ሳያነቡ መበተን። ጸሐፊው ቤቱ ወስዶ የሚያሳምረው ቃለ ጉባኤ ጠብ ይወልዳል። ሰው ከመነሣቱ በፊት ውሳኔዎቹ ብቻ ይነበቡ፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። የሚያርም ካለ እዚያው ያርም። ከዚያ ተፈርሞ በማግስቱ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ፤ «እንዲህ አልተባለም» የሚል ሰው ሲመጣ ወደ በሩ ወስዳችሁ ታሳዩታላችሁ።